የእንግጫዬ ሙዳይ

በቤታችን ቀይ ቀለም አይነካም ነበር። አባቴ መሪጌታ ነበሩ፤ ከማኅሌት መልስ ብራና ዘርግተው፣ መቃ ብዕራቸውን ቀርጸው ሲጽፉ ነው የሚውሉት። ጥቁሩን ቀለም ከነካንባቸው ይቆጣሉ። ቀዩን ከነካንባቸው ግን ዝም ይላሉ። እናቴ ደግሞ ዝምታቸውን ከቁጣቸው አብልጣ ትፈራው ስለነበር፣ ያጠፋውንም ያላጠፋውንም በጥፊ ታዳርሰናለች። ቀዩ የጌታና የእመቤታችን ስም የሚጻፍበት ነው፣ የልጅ መጫወቻ አይደለም። እኔ ደግሞ ለእንቁጣጣሽ ሥዕል ካልሣልሁ ሞቼ እገኛለሁ የምል ልጅ ነበርሁ። ያለ ቀይ ደግሞ ምኑን ሥዕል ሆነው?

ቀዩን ከእንሶስላ አገኘሁት። እንሶስላ ሴቶች ለበዓል እጅና እግራቸውን የሚያቀሉበት ሥር ነው። እናቴ ወቅጣ ጣቶቿ ላይ ስታስር፣ ከሙቀጫው ግርጌ የቀረውን እየጠረግሁ በዋንጫ ስባሪ አጠራቅማለሁ። ቢጫውን ከአደይ አበባ ጨመቅሁ። ጥቁሩን ከድስት ቂጥ ፍቄ በግራር ሙጫ ለወስሁት። አረንጓዴው ብቻ እስከ መጨረሻው አልሆነልኝም፤ የጨመቅሁት ቅጠል ሁሉ ሲደርቅ የፍግ መልክ ይይዛል። ወረቀትስ አትሉኝም? ወረቀት በዚያን ዘመን ወረታ ውስጥ እንደዛሬው መንገድ ላይ አይጣልም። አባቴ ብራናውን በልክ ሲቆርጡ የሚወድቀውን ጠርዝ ከእግራቸው ሥር እለቅማለሁ። ያንን አይከለክሉኝም፤ እያዩ እንዳላዩ ይሆናሉ።

በአገራችን ወግ ለእንቁጣጣሽ ሥዕል የሚሥሉት ወንዶች ናቸው። መልአክ፣ ፀሐይ፣ አበባ ሥለው ለጎረቤቱና ለጓደኛው ይሰጣሉ። እኛ ሴቶቹ አደይ አበባና እንግጫ ይዘን እየዘፈንን እንዞራለን። እኔ ሁለቱንም ፈለግሁ። ወንድሞቼ «የሴት መልአክ ክንፉ አይጸናም» እያሉ ሲያሾፉብኝ ቆሽቴ ያርራል። ክንፉ መጽናቱንማ የእኔን መልአክና የእነሱን ጎን ለጎን አስቀምጦ ማየት ነው፤ የእነሱ ዶሮ ነበር የሚመስለው።

እንግጫን የማያውቅ ካለ ልንገረው። ረግረግ ዳር የሚበቅል ቀጭን ሣር ነው፤ ሲነቅሉት ሥሩ ነጭ ሆኖ ይወጣል። ጳጉሜ ላይ ልጃገረዶች ተሰብስበን ወደ ሜዳው እንወርድና እንነቅላለን። ፎገራ በዚያ ወቅት ግማሹ ውሃ ነው፤ ርብና ጉማራ የሚባሉት ወንዞች ሞልተው ሜዳው ላይ ይተኛሉ፣ ከብቱ እስከ ሆዱ ገብቶ ይግጣል። አልቅቱ እግራችን ላይ ሲጣበቅ አንዳችን የሌላችንን እየነቀልን፣ እየተሳሳቅን እቅፋችንን ሞልተን እንመለሳለን። ከዚያ እንግጫውን እንጎነጉነዋለን፣ ጉንጉኑ ላይ አደይ አበባ እንሰካለን፣ የእንቁጣጣሽ ጠዋት ለምንወዳት ልጅ እንሰጣለን። ከተቀበለችን ከዚያች ቀን ጀምሮ ስም ቀረ። እሷም እኔን «እንግጫዬ» ትላለች፣ እኔም እሷን «እንግጫዬ» እላለሁ፣ እስከ ዕለተ ሞት። ታላቅ እህቴ ተድራ አንበሳሜ ስትሄድ እናታችንን ትታ ያለቀሰችው በእንግጫዋ ትከሻ ላይ ነበር፤ እናቴ እስካሁን ብትኖር አትረሳላትም።

በሰፈራችን ነገሩ ሕግ ነበረው። እንግጫው የሚሰጠው በሙዳይ ተደርጎ ነው፤ ሙዳይ ከስንደዶ የምንሰፋት፣ ክዳን ያላት ትንሽ ዕቃ ናት። ተቀባይዋ ካልፈለገችሽ ሙዳይሽን ባዶዋን ትመልስልሻለች፤ ያኔ አንገትሽን ደፍተሽ ወደ ቤትሽ። ከፈለገችሽ ደግሞ የእጇን ሥራ ጨምራባት እስከ መስቀል ትመልሳለች። መስቀል ካለፈ እንግጫውም ደርቋል፣ ነገሩም አብሮ ደርቋል።

እኔ ያን ዓመት እንግጫ የፈለግሁት ግን ለወዳጅነቱ ብቻ አልነበረም። ትምህርቴ በዚያ ላይ ተንጠልጥሎ ነበር።

ትምህርት ቤቱ ከተከፈተ ገና ብዙ አልቆየም። በክፍላችን ሴቶች ሁለት ነበርን፤ እኔና የነጋዴው ልጅ። አባቷ ጎንደር መንገድ ዳር ሱቅ ያላቸው ሙስሊም ናቸው፤ ጨው፣ ስኳር፣ አቡጀዲ፣ ክርና መርፌ ይሸጣሉ። አንድ አግዳሚ ላይ ነው የምንቀመጠው። እሷ ዝምተኛ ናት፣ እኔ ደግሞ አፌ አያርፍም። ሒሳቡን እሷ ታሳየኛለች፣ ንባቡን እኔ አስጠናታለሁ። ወንዶቹ ነጠላችንን ከአግዳሚው ጋር ቋጥረው ይተዉናል፤ አንዷ ስትፈታ ሌላዋ ትሰድባቸዋለች፣ ሰዳቢዋ ሁልጊዜ እኔ ነኝ። ሽንታችን ሲመጣ አንዷ ጥሻ ውስጥ ስትገባ ሌላዋ ድንጋይ ይዛ ትጠብቃለች። ይህ ቀላል ነገር የመሰለው ካለ፣ ሴት ሆኖ ብቻውን ትምህርት ቤት ውሎ ይሞክረው።

አባቴ ይህን ያውቁ ነበር። ክረምቱ እንደገባ ጠሩኝና «ያች የነጋዴው ልጅ ከተመለሰች ትመለሻለሽ። ብቻሽን ከወንድ መንጋ መካከል ግን አልሰድሽም፤ ነገርሁሽ» አሉኝ። አባቴ ነገርሁሽ ካሉ አለቀ፤ እናቴም አትገባ፣ ዘመድም አያማልድ። እኔም አልተጨነቅሁም። ለምን አትመለስ? ትመለሳለች እንጂ ብዬ ነበር።

ሐምሌ ላይ እናቴ ከገበያ ወሬ ይዛ መጣች። ነጋዴው ልጃቸውን ዘንድሮ ሊያስቀሯት ነው፣ ደርሳለች ቤት ትዋል ብለዋል አሉ። ቤታችን ከከተማው ወጣ ብሎ ቤተ ክርስቲያኑ ሥር ነው፤ ክረምት ደግሞ ጭቃው ጉልበት ይደርሳል። እናቴም ያለ ጉዳይ ወደ ከተማ አትሰደኝም። ሄጄ «እውነት ነው ወይ?» ብዬ እንኳ ልጠይቃት አልቻልሁም። ያኔ ነው እንግጫው የመጣልኝ። እንግጫዬ ከሆነች እኔን ብቻዬን ጥላ ቤት አትቀርም፤ ለአባቷ ታለቅሳለች፣ ትለምናለች። እሷ ካልቀረች እኔም አልቀርም። በልጅ ጭንቅላቴ የደረስሁበት ዘዴ ይህ ነው፤ አሁን ሳስበውም መጥፎ ዘዴ አልነበረም።

ክረምቱን ሙሉ ሙዳይ ስሰፋ ከረምሁ። እናቴ እያየች ወስፌውን ትቀማኝና ትፈታብኛለች። «ይህ ሙዳይ ነው ወይስ የአይጥ ጎጆ?» ትለኛለች። መልሼ እሰፋለሁ፣ መልሳ ትፈታለች። እንዲህ ስንናቆር ነሐሴ አለቀ፤ ሙዳይዋ ግን አማረች። ክዳኗ ላይ ቀይ መስመር አዞርሁባት፤ ስንደዶውን በዚያው በእንሶስላዬ ነው የነከርሁት።

ከዚያ ሥዕሉ ቀረ። ያገኘሁት የብራና ጠርዝ መዳፌን የምታህል ነበረች። መልአክ ሣልሁ። ሌላማ ምን ይሣላል? የእንቁጣጣሽ ሥዕል መልአክ ነው። ቤተ ክርስቲያናችን ግድግዳ ላይ ያሉት መላእክት ዓይናቸው የጎላ ነው፤ ብትዞሪ ብትዞሪ ያዩሻል። እኔም ያንን ዓይን ነበር የፈለግሁት። ክንፉን በአንድ ቀን ጨረስሁት፤ ዓይኑ ላይ ሰነበትሁ። አንዱ ሲጎላ አንዱ ይጠባል፣ ያን ሳስተካክል ያኛው ይንሸዋረራል። ብራናውን በቢላ እየፋቅሁ፣ እያለዘብሁ፣ በመጨረሻ ቀና ብሎ የሚያይ ዓይን ወጣልኝ። ብራናዋን ጉንጉኑ ሥር አድርጌ ክዳኑን ስገጥም ራሴን በራሴ አመሰገንሁ። ሌላ ማን ያመስግነኝ?

የእንቁጣጣሽ ጠዋት ከልጃገረዶቹ ጋር እየዘፈንን ወደ ከተማ ገባን። ሱቁ ጋ ስንደርስ ከእነሱ ተነጠልሁና በጎን በር አንኳኳሁ። ራሷ ከፈተችልኝ። ክረምቱን ሙሉ ስላልተያየን አፈርን፤ ደስም አለን፣ አፈርንም።

«እንቁጣጣሽ» አልኋት።

«በየዓመቱ ያምጣሽ» አለችና ሙዳይዋን ተቀበለችኝ።

ክዳኑን ከፈተች። እንግጫውን ስታይ ፊቷ በራ፤ ወጉን ታውቀዋለች፣ ትምህርት ቤቱ አጥር ሥር ተቀምጠን ነግሬያታለሁ። ከዚያ ብራናዋን አወጣች። አየቻት። ፊቷ ተለወጠ። ቶሎ ብላ በነጠላዋ ሸፈነቻትና «ቆይ» ብላኝ ወደ ውስጥ ገባች።

ቆየሁ። ከውስጥ ድምፅ ይሰማኛል፣ ቃሉ ግን አይለይም። ሲቆይ እናቷ ወጡ። «እንኳን አደረሳችሁ ልጄ» አሉኝ በለዘበ አንደበት። «ሙዳይሽ እኛ ዘንድ ትቆይ። እናትሽን ሰላም በያት።» ይህን ብለው በሩን ገጠም አደረጉት። ልጅቷ አልወጣችም። ደጃፉ ላይ ጭቃ ውስጥ ቆሜ ቀረሁ።

ቤት እንደገባሁ እናቴ ፊቴን አይታ ጠየቀችኝ።

«ሙዳይዋ ውስጥ ምን አድርገሽ ሰጠሻት?»

«እንግጫና ሥዕል።»

«የምን ሥዕል?»

«መልአክ።»

እናቴ እጇን አፏ ላይ ጫነች። «ለእስላም ልጅ? መልአክ? ከነዓይኑ?»

እነሱ ቤት ነፍስ ያለው ነገር ሥዕል እንደማይቀመጥ አላውቅም ነበር። ከየት ልወቅ? ስንት ጊዜ ሱቃቸው ገብቼ ጨው ገዝቻለሁ፤ ግድግዳው ላይ ሥዕል እንደሌለ ልብ ብዬ አላየሁም፣ ዓይኔ ከረሜላው ላይ ነው የሚሆነው። የእንግጫውን ሕግ አንድ ሳላስቀር አስተምሬያት፣ የእነሱን ቤት ሕግ አንድ ቀን አልጠየቅኋትም። አባቴ ጥግ ይዘው ሲጽፉ ሁሉንም ሰሙ። ቀና ብለው አዩኝና ወደ ብራናቸው ተመለሱ።

ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ እንዴት እንዳለፈ እኔ አውቃለሁ። ሙዳይዋ ባዶዋን እንኳ ብትመጣ ቁርጤን አውቄ አርፋለሁ፤ እሷ እቴ፣ ባዶዋንም አትመጣ፣ ሞልታም አትመጣ። ጨው ስላክ አኩርፌ ሌላ ሱቅ እገዛለሁ፤ ጨውዋ እርጥብ ናት፣ እናቴ ትጮኽብኛለች፣ ምክንያቱን ግን አልናገርም። በሱቃቸው ፊት ሳልፍ አንገቴን ወደ ማዶ አዞራለሁ፣ ዓይኔን ግን ማዞር አቃተኝ። አንድ ቀን እንኳ ደጅ ላይ አላየኋትም። «አስቀርተዋታል ማለት ነው» እላለሁ። ደግሞ ቆይቼ «በእኔ መልአክ ተቀይማ ነው» እላለሁ። ሁለቱም ያው ነበር፤ መጨረሻው እኔም ቤት መቅረት ነው። ወንድሞቼ የደብተር ልባስ ሲያበጁ ሙጫውን የማቀብላቸው እኔ ነኝ። እናቴ እንኳ ጠላዋን ስትጠምቅ ድፍድፉን ራሷ ታማስለው ጀመር፤ እናቴ ሥራ ካላዘዘችሽ አዝናልሻለች ማለት ነው።

የደመራ ዕለት ልጃገረዶቹ ሁሉ ከእንግጫቸው ጋር እጅ ለእጅ ተያይዘው ዞሩ። እኔ ትንሹን ወንድሜን አዝዬ ዞርሁ። ትምህርት የሚከፈተው በዚያው ሳምንት ነው።

በማግስቱ፣ የመስቀል ዕለት ከሰዓት ውሻችን ጮኸ። ወጥቼ ሳይ ነጋዴው ናቸው። ግዙፍ ሰው ነበሩ። ነጭ ቆባቸውን ደፍተው፣ ሽርጣቸውን እስከ ጉልበታቸው ሰብስበው፣ ጃንጥላ በብብታቸው ሸጉጠው፣ የእኔን ሙዳይ በሁለት እጃቸው ደረታቸው ላይ ይዘው ከጭቃው ጋር እየታገሉ ይመጣሉ። አባት ራሳቸው ከመጡ የመልአኩ ነገር ለክስ ደርሷል ማለት ነው ብዬ ጎተራው ጀርባ ተሸሸግሁ። ጆሮዬን ግን አልሸሸግሁም።

«መሪጌታ፣ እንኳን አደረሰዎ» አሉ ነጋዴው።

«እንኳን አብሮ አደረሰን። ይግቡ፣ ኧረ ይግቡ።»

«ጭቃ ነኝ፣ እዚሁ ይሻለኛል።»

ደጅ መደቡ ላይ ተቀመጡ። እናቴ መግቢያ ጠፋት፤ ለበዓል ቤቱን የሞላው ጠላ ነው፣ ለእሳቸው አይሆንም። ማር በውሃ በጥብጣ ብርዝ አቀረበችላቸው። ጠጥተው አመሰገኑና ሙዳይዋን ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡ።

«ይህች ዕቃ ቤቴን አወከችው» አሉ።

አባቴ ጎንበስ ብለው ሙዳይዋን አዩ።

«ልጄ የእንግጫውን ወግ ነገረችን። መቀበል ከሆነ ከእርስዎ ልጅ ጋር ትምህርት ቤት መዋል ነው፣ አለመቀበል ከሆነ ባዶውን መመለስ ነው አለች። እኔ ዘንድሮ ላስቀራት አስቤ ነበርና እንግዲያው ባዶውን ይመለስ አልሁ። ማን ይመልሰው? ባለቤቴ ‹ከዚህ ቤት በእኔ እጅ ባዶ ዕቃ ወጥቶ አያውቅም፤ ከፈለግህ አንተው ውሰደው› አለችኝ። አነሳሁት፣ ከሱቁ ደጃፍ ደረስሁ፣ ተመለስሁ። እርስዎ ቢሆኑ ይወስዱታል?»

«እኔም አልወስደውም» አሉ አባቴ።

«ታዲያ ሙዳዩ ተቀመጠ። እናትና ልጅም ከአጠገቡ ተቀምጠው ያዩኝ ጀመር። በበላሁ ቁጥር ያዩኛል፣ በጠጣሁ ቁጥር ያዩኛል። በመጨረሻ ምን አልሁ፤ የመሪጌታ ልጅ ከተመለሰች ትመለስ፣ ብቻዋን ከወንዶች መካከል ግን አልሰዳትም አልሁ። ልጄ ‹ትመለሳለች› አለችኝ። እንግዲህ የልጅ ቃል ነው። ከእርስዎ አፍ ልስማው ብዬ መጣሁ።»

ከዚያ አንድ ያልለመድሁት ድምፅ ሰማሁ። አንገቴን ብቅ አድርጌ ሳይ አባቴ ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል፤ እየሳቁ ናቸው። አባቴ ሲስቁ ያየኋቸው ጥቂት ጊዜ ነው።

«ምነው መሪጌታ? ያጠፋሁት ነገር አለ?»

«የለም ወንድሜ፣ የለም። እኔስ ይችን ልጅ ምን ያልኋት ይመስልዎታል? ያች የነጋዴው ልጅ ከተመለሰች ትመለሻለሽ ነው ያልኋት። እርስዎ እኔን ሲጠብቁ፣ እኔ እርስዎን ስጠብቅ፣ ሁለቱንም ቤት አስቀርተናቸው ነበር።»

ነጋዴውም ሳቁ፤ የእሳቸው ሳቅ እንደ ገላቸው ሰፊ ነበር፣ ውሻው ደንግጦ ተነሳ። አባቴ ዓይናቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉና ወደ ጎተራው ዞሩ። «ነይ ውጪ» አሉ። «ቀሚስሽ ይታያል።»

ራሴ ላይ እብቅ እንደያዘ ወጥቼ የነጋዴውን ጉልበት ሳምሁ። ሙዳይዋን በሁለት እጃቸው ሰጡኝ። ባዶ አልነበረችም፤ ከበደችኝ። ክዳኗን ስከፍት ተጣጥፎ የተጨናነቀ የካኪ ጨርቅ ብቅ አለ። ዘርግቼ ሳየው ማንገቻ ያለው የደብተር መያዣ ነው። ስፌቱ አንድ ቦታ ቀጥ ያለ፣ አንድ ቦታ የተጣመመ ነው፤ ቀጥ ያለው የእናት፣ የተጣመመው የልጅ እንደሆነ አላጣሁትም። «እሷም እንዲሁ ያለ አላት፣ ከአንድ ጣቃ ነው የተቆረጠው» አሉኝ ነጋዴው። ለካ ደጅ ላይ ያጣኋት ጓዳ ተቀምጣ ስትሰፋ ነው። ደስታዬን የት ላድርሰው? ጨርቁን ፊቴ ላይ ለጥፌ አለቀስሁ፣ አላፈርሁም።

ከሥሩ መልአኬ አለ። በስኳር መጠቅለያ ሰማያዊ ወረቀት ላይ በሊጥ ተለጥፏል። ክንፉ አለ፣ ቀሚሱ አለ። ፊቱ ላይ ግን ከሲጃራ ፓኮ ውስጥ የሚወጣው ያ የሚያብረቀርቅ ወረቀት ክብ ተቆርጦ ተለጥፎበታል። ከእግሩ ሥር ደግሞ በማስመሪያ የተሠሩ ሁለት ደብተሮች ተሥለዋል።

«እኛ ዘንድ ነፍስ ያለው ነገር ፊት አይሣልም» አሉኝ ነጋዴው ቀስ ብለው። «ልጄ መልአኩን መጣልም አልፈለገች፣ ከነፊቱ ማስቀመጥም አልሆነላትም። ሰነበተችበት። ‹አሁን የሁለታችንም ሥራ ነውና ደብተራችን ውስጥ በየተራ እንይዘዋለን› ብላለች። ቅር እንዳይልሽ ልጄ።»

«ኧረ ቅር አይለኝም» አልሁ። ብሎኝ ነበር። ያ ሁሉ የሰነበትሁበት ዓይን! አባቴ ሥዕሉን ተቀብለው ወደ ብርሃኑ አዘንብለው ብዙ አዩት።

«የመልአክ ፊት ማን አይቶ ያውቃል?» አሉ። «ብርሃን ነው ሲባል ነው የምንሰማው። ያችኛዋ ልጅ ናት በትክክል የሣለችው።»

ነጋዴው ፈገግ አሉ። ትምህርቴም ተመለሰልኝ፣ እንግጫም አገኘሁ፣ ሆኖም በሥዕል መበለጤ ቆረቆረኝ፤ ተፈጥሮዬ ነው፣ ምን ላድርግ። ነጋዴው ከሄዱ በኋላ ግን አባቴ የቀለም ቀንዳቸውን አወጡ። ጥቁሩን አይደለም። መቃውን ቀዩ ውስጥ ነክረው በዚያች ብርሃን ዙሪያ ቀጭን ቀይ መስመር አዞሩባት። እፍ ብለው አድርቀው ሰጡኝ። እናቴ ከጓዳ በር ቆማ አየች፣ እኔም አየኋት።

ትምህርት የተከፈተ ዕለት እንግጫዬ ሱቁ ደጃፍ ላይ ካኪዋን አንግባ ጠበቀችኝ። «ለምን ቆይ ብለሽኝ ቀረሽ?» ብዬ መጀመሪያ የጠየቅኋት ይህን ነው። ሙዳዩ ውስጥ ምን እንጨምርላት ብላ እናቷን ልትጠይቅ ነበር የገባችው፤ እናቷ ግን አባቷን ሳናሳምን አንጨምርም ብለው ያዟት። «ሥዕሉንስ ለምን ሸፈንሽው?» አልኋት። «ታናሽ ወንድሜ እንዳይቀደው» አለችኝ። እኔ ስንት ነገር አስቤ! ወንዶቹ ያን ዕለት በቀሚሳችንም በቦርሳችንም ሳቁ፤ እኔ ሰደብሁ፣ እሷ ቋጠሯቸውን ፈታች። ዛሬ ሁለታችንም ሸብተናል፣ ጥርሳችንም ሳስቷል፤ ስልክ ደውላ «እንግጫዬ» ስትለኝ አሁንም ያች ዝምተኛ ልጅ ናት፣ የማወራው እኔ ነኝ።

የሚቀጥለው ዓመት እንቁጣጣሽ ጠዋት እንግጫዬ እኛ ቤት መጥታ ነበር። ደጅ መደቡ ላይ ተቀምጠን አዲስ ሥዕል እናበጃለን፤ እኔ ክንፉን እሠራለሁ፣ እሷ ብርሃኑን ትቆርጣለች። ቀና ስንል አንዲት የማናውቃት ልጅ በር ላይ ቆማለች። ከርብ ማዶ የመጣች የገበሬ ልጅ ናት፤ ውሃውን አቋርጣ ስለመጣች ቀሚሷ እስከ ወገቧ ረጥቧል፣ ሙዳይዋን ግን ከራሷ በላይ ከፍ አድርጋ ስለያዘች ደርቃ ነበር።

«እንቁጣጣሽ» አለች።

«በየዓመቱ ያምጣሽ» አልናት። «ለማናችን ነው?»

«ለሁለታችሁም ነው» አለች ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ። «አባቴ እነዚያ ሁለቱ ከተመለሱ አንችም ትሄጃለሽ ብሎኛል።»

እኔና እንግጫዬ ተያየን። ተነስቼ ሙዳይዋን ተቀበልኋት፣ ልጅቷንም እሳት ዳር አስገባኋት። እንግጫዬ መቀሱን አስቀመጠችና ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለች።

«ከዚያ ከካኪው ጣቃ እኮ ተርፏል» አለችኝ።